«ከፍያለሁ» ያለ ሁሉ ከፍሏልን?

በስልክና በኢንተርኔት ስንሸጥ ከአታላይ ገዢዎች እንዴት እንጠበቅ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ዝግጅት ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላምና እዝነት በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ወደ ብዙዎቻችን ቤት ዘልቆ የገባ ጉዳይ ነው። ቀደም ሲል መሸጥ የፈለገ ሰው ሱቅ ይከፍታል፣ ወይም ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ገበያ ይወጣል። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ብሩ ተቆጥሮ በእጅ ይገባል፤ ዕቃውም በእጅ ይወጣል። ዛሬ ግን ገበያው ራሱ ወደ ቤታችን መጥቷል። ልጆቿን እያሳደገች ዓባያና ሒጃብ በቴሌግራም ቻናል የምትሸጥ እህት አለች። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ፣ ማር ከገጠር አስመጥታ በስልክ ትእዛዝ የምትቀበል እናት አለች። ያገለገለ ስልኩን፣ ሶፋውን ወይም ፍሪጁን ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ወንድም አለ። ክፍያውም እንደዚያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀምረዋል፤ ባንኮችም በሞባይል ገንዘብ ማስተላለፍን የዕለት ተዕለት ነገር አድርገውታል።

ይህ ሁሉ የአላህ ጸጋ ነው። ከቤቷ ሳትወጣ መሥራት ለምትፈልግ እህት የሐላል ሪዝቅ በር ተከፍቶላታል። ይሁንና በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እንግዳ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ተቀብለው ስለሚሰወሩ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ አሳይተው ሌላ ስለሚልኩ አታላይ ሻጮች ብዙ ተብሏል። ስለ አታላይ ገዢዎች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በመሆኑም በዛሬው ዝግጅታችን እነዚህ ገዢ ነን ባዮች በምን መንገድ እንደሚመጡ፣ እኛስ እንዴት መጠንቀቅ እንዳለብን በዝርዝር እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

በሩ የሚከፈተው በይሉኝታ ነው

እስቲ እንዲህ ብለን እናስብ። አንዲት እህት አንድ ዓባያ በ4,500 ብር ልትሸጥ ቻናሏ ላይ ለጥፋለች። ገዢ ነኝ የሚል ሰው ይደውልላታል። ንግግሩን በሰላምታ ይጀምራል፤ «ማሻአላህ» ይላል፤ በዋጋው አይከራከርም። ዓባያው ለእህቱ ኒካሕ ስጦታ እንደሆነና ዛሬውኑ እንደሚያስፈልገው ይነግራታል። የሒሳብ ቁጥር ይጠይቃታል፤ እሷም የባለቤቷን የሒሳብ ቁጥር ትሰጠዋለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ ይልክላታል። ብዙም ሳይቆይ ሞተረኛ በሩ ላይ ይደርሳል። ገንዘቡ መግባቱን ለማጣራት ለባለቤቷ ትደውላለች፤ እሱ ሥራ ላይ ነው፤ ስልኩን አያነሳም። ገዢው ግን ደጋግሞ ይደውላል። «እህቴ፣ ሞተረኛው እየጠበቀ እኮ ነው። ደረሰኙን ልኬልሻለሁ። ወላሂ ከፍያለሁ። አታምኚኝም እንዴ?» ይላታል።

ነገሩ የሚያልቀው እዚህች «አታምኚኝም እንዴ?» ላይ ነው። ሙስሊም ወንድሟን ውሸታም ነህ ያለች እንዳይመስልባት ብላ ዕቃውን ታስረክባለች። ማታ ባለቤቷ ሒሳቡን ሲያይ የገባ ነገር የለም። የተላከላት ፎቶ የተቀነባበረ ነበር። የሰውዬው ስልክ ተዘግቷል፤ የቴሌግራም ስሙም ተቀይሯል። ሞተረኛውን ፈልጋ ብታገኘው እንኳ «ከዚህ ተቀብለህ እዚያ አድርስ» ከመባሉ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሱም በላቡ የሚያድር ሰው ነው።

ልብ እንበል። አታላዩ የሰበረው ቁልፍ የለም፤ የባንኩንም ሥርዓት አልሰበረም። የተጠቀመባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ችኮላ ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በቤታችን ውስጥ ገንዘቡን የሚያየው ሰውና ዕቃውን የሚያስረክበው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ቀጥለን የምናነሳቸው ዘዴዎች በስም ቢለያዩም ከእነዚህ ከሦስቱ ቀዳዳዎች በአንዱ የሚገቡ ናቸው።

ማረጋገጥ ሰውን በክፉ መጠርጠር ነውን?

ብዙዎቻችን «ቆይ፣ ገንዘቡ መግባቱን ልይ» ማለትን እንደ ነውር እንቆጥረዋለን። በእርግጥ ያለ ማስረጃ ሰውን በክፉ መጠርጠር ሃይማኖታችን የሚከለክለው ነገር ነው። ነገር ግን ማረጋገጥና በክፉ መጠርጠር አንድ አይደሉም።

በቁርአን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ ነው። ይህ ረጅም አንቀጽ የሚናገረው ስለ ብድርና ስለ ግብይት ነው። የሚጣራውም ምእመናንን ነው። ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ምስክሮች እንዲቆሙ ያዝዛል። ስንሻሻጥም እንድናስመሰክር ያስተምራል። ምክንያቱንም ሲገልጽ ይህ አሠራር ለፍትሕ የቀረበ፣ ከጥርጣሬም የሚያርቅ መሆኑን ይነግረናል። እንግዲህ ማስረጃ መያዝ ጥርጣሬን የሚያስወግድ እንጂ የሚያመጣ አይደለም ማለት ነው። መጻፍና ማስመስከር እርስ በርሳቸው ለሚተማመኑ አማኞች ከታዘዘ፣ ፊቱን አይተነው የማናውቀውን ሰው ክፍያ ማጣራት እንዴት ነውር ይሆናል?

ኢማም አል-ቡኻሪና ኢማም ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው በግብይት እየተታለለ መቸገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነገራቸው። እሳቸውም በሚገበያይበት ጊዜ ማታለል እንዳይኖር በአንደበቱ እንዲያሳውቅ አስተማሩት። መፍትሔው ንግድን መተው አልነበረም፤ ዝም ማለትም አልነበረም። ሁኔታውን አስቀድሞ፣ በግልጽ፣ በቃል መናገር ነበር። ይህ ለይሉኝታ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ምክንያቱም አስቀድሞ የተነገረ ሁኔታ ማንንም አያስቀይምም።

በሸሪዓ የፍርድ ሥርዓት የታወቀ አንድ መሠረት ደግሞ አለ። ማስረጃ የሚያቀርበው ነገሩ አለኝ ባዩ ነው። «ከፍያለሁ» ማለትም የቀረበ አቤቱታ ነው፤ ማስረጃው የሚጠበቀው ከገዢው ነው። መሐላ ብቻውን ክፍያ አይሆንም። እንዲያውም በቀላሉ «ወላሂ» የሚል ገዢ የበለጠ ረጋ እንድንል ሊያደርገን ይገባል።

አታላይ ገዢዎች የሚመጡባቸው መንገዶች

1ኛ. የተቀነባበረ ደረሰኝ። የባንክ ወይም የቴሌብር ደረሰኝ ፎቶ በስልክ ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። ስሙ፣ መጠኑ፣ ቀኑ ሁሉ ይቀየራል። አንዳንዴ ደረሰኙ እውነተኛ ሆኖ የቆየ ክፍያ፣ ወይም ለሌላ ሰው የተከፈለ ይሆናል። ስለዚህ ስክሪንሾት የክፍያ ወሬ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። ክፍያ የሚባለው በራሳችን ሒሳብ ውስጥ፣ በራሳችን ስልክ፣ በራሳችን ዓይን ያየነው ነው።

2ኛ. የሐሰት የጽሑፍ መልእክት። በዚህ ዘዴ ደግሞ «ሒሳብዎ ላይ ይህን ያህል ብር ገብቷል» የሚል መልእክት ወደ ሻጩ ስልክ ይመጣል። አጻጻፉ የባንክ መልእክት ይመስላል። ላኪው ግን በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ተራ ቁጥር ይሆናል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ይሁንና የላኪ ስምም ተመሳስሎ ሊሠራ ስለሚችል መልእክቱ ከየት መጣ በሚለው ብቻ አንርካ። የቴሌብር ተጠቃሚዎች በመተግበሪያው ወይም *127# በመደወል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ደግሞ በመተግበሪያው ወይም *889# በመደወል ቀሪ ሒሳባቸውን ራሳቸው ማየት ይችላሉ። ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት የነበረውን ቀሪ ሒሳብ አውቆ መጠበቅም ይጠቅማል።

3ኛ. «በስህተት ብዙ ላክሁ»። ገዢው የ2,000 ብር ዕቃ ገዝቶ 20,000 ብር የላከ ያስመስላል። ወዲያው በድንጋጤ ይደውላል፤ ለሆስፒታል የተያዘ ገንዘብ ነበር፣ እባክሽ ትርፉን መልሽልኝ ይላል። አዛኝ ልብ ያላት ሻጭ 18,000 ብር ትልክለታለች። የተላከው መልእክት ግን ሐሰት ነበር፤ የወጣው 18,000 ብር የራሷ ነው። በእርግጥ በስህተት የገባ የሰው ገንዘብ አማና ነው፤ መመለሱም ግዴታ ነው። አመላለሱ ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን እናያለን። ቀጥሎም ወደ ባንካችን ወይም ወደ ቴሌብር ደውለን፣ ገንዘቡ ወደመጣበት ሒሳብ እንዲመለስ እንጠይቃለን። «ወደዚህ ወደ ሌላኛው ቁጥር ላኪልኝ» ከተባልን በፍጹም አንልክም። እውነት የተሳሳተ ሰው ገንዘቡ ወደራሱ ሒሳብ ቢመለስለት አይከፋውም።

4ኛ. ሊንክና የሚስጥር ቁጥር። «ክፍያውን ለመቀበል ይህን ሊንክ ተጫኚ»፣ «ትእዛዙን ለማረጋገጥ ወደ ስልክሽ የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ» የሚል ገዢ ካጋጠመን ንግግሩን እዚያው እናቁም። ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም። የሚስጥር ቁጥር የሚጠየቀው ገንዘብ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ጊዜ «ወደ ስልክሽ የመጣው» የተባለው ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር የቴሌግራም መግቢያ ቁጥር ነው። እሱን የሰጠች እህት ቻናሏን ከነደንበኞቿ ልታጣ ትችላለች። ሌባውም በእሷ ስም ደንበኞቿን ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የምንሸጥ ሁሉ በቴሌግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬውኑ እንክፈት፤ የተማሩ ልጆቻችን በአምስት ደቂቃ ይሠሩልናል።

5ኛ. የሦስተኛ ሰው ገንዘብ። ይህኛው ከሁሉም የረቀቀ በመሆኑ በጥንቃቄ እንከታተለው። አንድ ወንድም ስልኩን በ30,000 ብር ለመሸጥ ለጥፏል እንበል። አታላዩ ይደውልና ይስማማል፤ የሒሳብ ቁጥሩንም ይቀበላል። በዚያው ሰዓት ይህ አታላይ በሌላ ገጽ ላይ በእጁ የሌለ ላፕቶፕ በ30,000 ብር እሸጣለሁ ብሎ ሌላ ምስኪን አግኝቷል። ለዚያ ሰው የሚሰጠው የሒሳብ ቁጥር የእኛን ወንድም ነው። ምስኪኑ 30,000 ብሩን ያስገባል። ወንድማችን ሒሳቡን ሲያይ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቷል፤ ስልኩን ለአታላዩ ያስረክባል። ሁለት ቀን ቆይቶ ላፕቶፑን ያላገኘው ሰው ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል። በእጁ ያለው ማስረጃ የወንድማችን ስምና የሒሳብ ቁጥር ነው። ወንድማችን ሌባ ሳይሆን እንደ ሌባ ይጠየቃል።

ስለዚህ «ገንዘቡ ገብቷልን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ማን አስገባው?» ብለንም እንጠይቅ። የላኪው ስምና ዕቃውን የሚረከበው ሰው ስም አንድ መሆን አለበት። «ወንድሜ ነው የሚከፍለው» ከተባለ ወንድምየው ራሱ ይምጣ፣ ወይም ራሱ ደውሎ ምን ዕቃ እንደገዛ ይናገር። ዋጋው ከፍ ላለ ዕቃ የገዢውን መታወቂያ ማየትና በሁለት መስመር የሽያጭ ወረቀት መፈራረም ተገቢ ነው።

6ኛ. ቼክና ሲፒኦ። መኪና ወይም ሌላ ውድ ንብረት ሲሸጥ ገዢው ቼክ ወይም ሲፒኦ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቼክ ተጻፈ ማለት ገንዘቡ አለ ማለት አይደለም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ ንብረቱ ከእጅ ከወጣ በኋላ መክሰስና ንብረቱን ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲፒኦም ተመሳስሎ ሊሠራ ይችላል። መፍትሔው ከገዢው ጋር ሲፒኦውን ወደ ሰጠው ባንክ ሄዶ ማረጋገጥ ነው። በወረቀቱ ላይ ወደተጻፈ ስልክ መደወል አይበቃም፤ ሐሰተኛ ወረቀት ሐሰተኛ ስልክ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ውልና ማስረጃ ቀርበን ከመፈረማችን በፊት ገንዘቡ መኖሩን እናረጋግጥ።

7ኛ. ዕቃ መለዋወጥ። ገዢው በአካል መጥቶ ስልኩን ያገላብጣል፤ «ለወንድሜ ላሳየው» ብሎ ይዞ ይወጣል፣ ወይም ገዝቶ በማግሥቱ «አይሠራም» ብሎ ሌላ የተበላሸ ስልክ ይመልሳል። ከመሸጣችን በፊት *#06# ስንደውል የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ጽፈን እንያዝ፤ በሽያጭ ወረቀቱም ላይ እናስፍረው። የተመለሰው ስልክ የእኛ መሆን አለመሆኑን ይህ ቁጥር ይናገራል። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ተቆጥሮ፣ እያንዳንዱ ኖት ታይቶ ነው ዕቃው የሚወጣው። ብዙ ብር ሲሆን ባንክ ቤት ውስጥ መረካከቡ ከሐሰተኛ ኖትም ከነጣቂም ያድናል።

በቤታችን የምናወጣው ደንብ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ እነዚህን ሁሉ ዘዴዎች በቃል መያዝ ያስቸግር ይሆናል። አታላዮችም ነገ ሌላ ዘዴ ያመጣሉ። ስለዚህ ዘዴው ቢለዋወጥም የማይለወጡ ጥቂት ደንቦችን በቤታችን እናውጣ።

የመጀመሪያው፣ ገንዘቡን በዓይኑ ያየ ሰው ብቻ ዕቃውን ያስረክብ። እህታችን የምትሸጥ ከሆነ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ በእጇ ባለው ስልክ የምታየው ይሁን። የምትሠራው እሷ ሆና የምታየው ሌላ ሰው ከሆነ ለአታላይ ቀዳዳ ይተዋል። የግድ በባለቤቷ ሒሳብ የሚገባ ከሆነ ደግሞ እሱ «አይቻለሁ፣ ገብቷል» ሳይላት ዕቃው ከቤት አይወጣም። ልጆችና የቤት ሠራተኞችም «ተከፍሏል» የሚል ሰው ቢመጣ ዕቃ እንዳያስረክቡ ይነገራቸው።

ሁለተኛው፣ ሁኔታውን አስቀድመን እንናገር። በቻናላችን ላይ «ዕቃ የሚወጣው ገንዘቡ ሒሳባችን ላይ መግባቱን ካየን በኋላ ነው፤ የደረሰኝ ፎቶ ብቻ አንቀበልም፤ ይህ ለሁሉም ደንበኞቻችን እኩል የሚሠራ ደንብ ነው» ብለን እንጻፍ። ያኔ «አታምኚኝም እንዴ?» ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ይሆናል። «ወንድሜ፣ ደንቡ ለእናቴም ይኸው ነው» ማለት በቂ ነው።

ሦስተኛው፣ ችኮላን እንፍራ። ኔትወርክ ተቋርጦ ሒሳባችንን ማየት ካልቻልን ዕቃውን እናቆየው። ሞተረኛው ከሄደ ይሂድ፤ ነገ ይመለሳል። እውነተኛ ገዢ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቅ ገንዘቡም ዕቃውም አይጠፋበትም። ጥበቃውን የማይችለው ሐሰቱ እንዳይገለጥበት የሚፈራው ነው።

አራተኛው፣ ለማናውቀው ገዢ ቤታችንን አናሳይ። የሚቻል ከሆነ ርክክቡ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ በቀን፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ባለበት ይሁን። እህቶች ብቻቸውን ባሉበት ሰዓት የማይታወቅ ሰው በር ድረስ እንዲመጣ አይደረግ። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ስንሸጥ ደግሞ የቤተሰብ ፎቶዎችን አውጥተን፣ አካውንቶቻችንን ዘግተን፣ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ አቀማመጡ መልሰን እንስጥ። የቤተሰብ ገመና ከስልኩ ዋጋ በላይ ነውና።

በውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችን

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ ቤቶች መካከል በዓረብ አገርም ሆነ በአሜሪካ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። እነሱም ቤት ሲቀይሩ ወይም ወደ አገር ሊመለሱ ሲሉ ዕቃቸውን በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ዘዴው እዚያም ይደርስባቸዋል፤ መልኩ ግን ይለያል።

በአሜሪካ በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከቼክ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ የአገሪቱ ሕግ ባንኮች በቼክ የገባ ገንዘብን በአጭር ቀናት ውስጥ ለደንበኛው እንዲለቁ ያስገድዳል። ስለዚህ ቼኩ ሐሰት ሆኖ እያለ ገንዘቡ ሒሳብ ላይ ሊታይና ሊወጣ ይችላል። አታላዩ ከዋጋው በላይ የሆነ ቼክ ይልክና «ትርፉን ለዕቃ አጓጓዡ ክፈልልኝ» ይላል። ከሳምንታት በኋላ ቼኩ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ባንኩ ሙሉውን ገንዘብ ከሻጩ ያስመልሳል። እንግዲህ በቼክ ጊዜ «ሒሳቤ ላይ አየሁት» ማለትም አይበቃም። ከዋጋ በላይ የሆነ ቼክ ከነጭራሹ አለመቀበል ይሻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ዜል በተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ ስምም «ገንዘቡ ታግዷል፤ አካውንትዎን ወደ ንግድ አካውንት ያሳድጉ» የሚል የሐሰት ኢሜይል ይላካል።

በባህረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ገዢ ነኝ ባዩ «መልእክተኛ ገንዘቡን ያመጣልሃል» ወይም «በሊንክ እከፍልሃለሁ» ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥርና ወደ ስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል። የካርድ ቁጥርና የማረጋገጫ ቁጥር ሰጥቶ ገንዘብ የሚወጣ እንጂ የሚገባ የለም። ለዘመዶቻችን ስንደውል ይህን እንንገራቸው።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ

ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነገር ጊዜ አለማጥፋት ነው። ከሒሳባችን ገንዘብ ወጥቶ ከሆነ በዚያችው ደቂቃ ወደ ባንካችን እንደውል። የንግድ ባንክ የደንበኞች ስልክ 951 ነው፤ የቴሌብር ደግሞ 127። ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ የተደረሰበት እንደሆነ የመታገድ ዕድል አለው። ቀጥሎም በአቅራቢያችን ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን እናመልክት።

በንዴት ወይም በኀፍረት መልእክቶቹን አናጥፋ። የስልክ ቁጥሩ፣ የተጻጻፍነው ሁሉ፣ የሐሰት ደረሰኙ፣ የሞተረኛው ስልክና ታርጋ፣ ሰዓቱና ቀኑ ይያዙ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልን የሚመለከተው ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። ስለዚህ «ምን ማስረጃ አለኝና» ብለን ተስፋ አንቁረጥ።

ሌላው ነገር በቤት ውስጥ ያለው ነው። የተታለለች እህት በመጀመሪያ የምትፈራው ሌባውን አይደለም፤ «አንቺ መቼም አትነቂም» የሚለውን የቤት ውስጥ ወቀሳ ነው። በዚህ ፍራቻ ነገሩን ትደብቃለች፤ ሲመሽ ባንክ ሳይደወል፣ ሲነጋ ፖሊስ ሳይነገር ይቀራል። ሌባውም ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል። ባሎችና አባቶች ሆይ፣ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልጋት ቁጣ አይደለም። አይዞሽ ብሎ ስልኩን አንስቶ መደወል ነው። በዳዩ አታላዩ ነው፤ ወቀሳውም የእሱ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ በንዴት የሰው ፎቶና ስም በየገጹ ከመለጠፍ እንቆጠብ። ሞተረኛው ምንም የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ቀደም ሲል እንዳየነው በደረሰኙ ላይ ስሙ ያለው ሰውም ራሱ የተታለለ ሊሆን ይችላል። ሌሎች እንዲጠነቀቁ ዘዴውን እንናገር፤ ስሙን ግን ለፖሊስ እንስጥ። የንጹሕ ሰው ክብር በእጃችን ቢጎድፍ ከጠፋብን ዕቃ የከበደ ዕዳ ነው።

በመጨረሻም

ከገዢ ሐቅ የምንጠብቅ ሰዎች በራሳችን በኩል ያለውን ሐቅ አንዘንጋ። የምንሸጠው ዕቃ ነውር ካለበት እንናገር፤ ያገለገለውን አዲስ አንበል፤ ፎቶው ከዕቃው ጋር አንድ ይሁን። ደንባችን ለገዢውም ጥበቃ ነው፤ ገንዘቡ መግባቱን ካየን በኋላ ዕቃውን ሳናዘገይ መላክ የእኛ ድርሻ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ መተማመን ውድ ነገር ነው። አታላዩ የሚወስደው አንድ ዓባያ ወይም አንድ ስልክ ብቻ አይደለም፤ በሙስሊሞች፣ እንዲያም ሲል በጎረቤቶች መካከል ያለውን መተማመን ነው። ነገ እውነተኛ ወንድም መጥቶ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲል በጥርጣሬ እንድናየው ያደርገናል። ይህን መተማመን የምንጠብቀው ዓይናችንን በመጨፈን አይደለም። ሒሳባችንን አይተን፣ ስሙን አጣርተን፣ ከዚያ በኋላ ፈገግ ብለን በማስረከብ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን። ቤቶቻችንን ከአታላዮች ተንኮል ይጠብቅልን፤ እኛንም ሌላውን ከማታለል ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።